ሚስስ ዶሪን ያላለችው

ሰሞኑን የፖስታ ሳጥኔ አልዘጋ ብሎኛል። ምርጫ በመጣ ቁጥር እንዲህ ነው። በሊፍት ወርጄ ሎቢው ጥግ ከተደረደሩት ሳጥኖች የእኔን ስከፍት፣ ታጭቀው የነበሩት የሚያብረቀርቁ ትልልቅ ወረቀቶች ተዘርግፈው እግሬ ሥር ይበተናሉ። አንደኛው ላይ አንድ ሰው ከሚስቱና ከውሻው ጋር ሣር ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ሌላኛው ላይ ያው ሰውዬ አመድ መስሎ፣ ዓይኑ በግማሽ ተከድኖ፣ አፉን እንደከፈተ ተይዟል፤ ከአገጩ ሥርም ተናገረው የተባለው ነገር በቀይ ተጽፏል። ባለፈው እሑድ ልጄ ልትጠይቀኝ መጥታ አብራኝ ወርዳ ነበር። «ማሚ፣ ጀስት ትሮው ዘም አዌይ» አለችኝ ቅርጫቱን እያመለከተች። እኔ ግን አንዱን አንስቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። አልተሳሳትኩም፤ አዲስ ጫማ ከካርቶኑ ሲወጣ የሚሸተውን የሚመስል፣ ላይ ላዩን ደግሞ ናፍጣ ናፍጣ የሚል፣ በደንብ ያልደረቀ የማተሚያ ቀለም ሽታ ነው። «ማሚ! ዋት አር ዩ ዱዊንግ?» አለች ልጄ። «ምንም» አልኳት። ምን ብዬ ላስረዳት? ያን ጊዜ እሷ አልተወለደችም፤ እኔም ደረጃ በሩጫ የምወጣ ሴት ነበርኩ።

ዓመተ ምሕረቱን ብጠየቅ በትክክል አልናገርም። ብቻ የሜትሮ ካርድ ከወረቀት የሚሠራበት ጊዜ ነበር፤ ማሽኑ ጠጥቶት ሲተፋው የቀረው ሂሳብ ጠርዙ ላይ በደብዛዛ ቁጥር ታትሞ ይወጣል። የስልክ ካርድ በአምስት ዶላር እየገዛን፣ ጀርባውን በሳንቲም ፍቀን፣ ከአገር ቤት ጋር ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «አንድ ደቂቃ ቀርቶዎታል» የምትለዋን ሴት የምንረግምበት ጊዜ። ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለው ኮት እለብስ ነበር፤ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ካለው የአሮጌ ዕቃ ሱቅ በሰባት ዶላር የገዛሁት፣ የጎመን ዘር ቀለም ያለው፣ ቁልፎቹ ብስኩት የሚያህሉ። ዛሬ ያ ሱቅ የጥፍር ቤት ሆኗል። ከጎኑ የነበረው ጫማ ሰፊ፣ ከሱ ቀጥሎ ዊግ የምትሸጠዋ ኮሪያዊት፣ ማዶ ደግሞ ተዘግቶ ደጁ ላይ እርግብ ብቻ የሚያድርበት አሮጌ ሲኒማ። ያ ጥግ ዛሬም አለ፤ አውቶቡስ ስጠብቅ ዓይኔን ጨፈን ካደረግኩ እያንዳንዱን በር በቦታው አገኘዋለሁ፤ ስከፍት ግን ሁሉም መስታወት ነው።

ሥራዬ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ነበር። ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮው ቀይ መስመር ተነሥቼ፣ መሐል ከተማ ላይ ወደ ቢጫው ቀይሬ፣ ባቡሩ ከመሬት ሥር ወጥቶ ድልድዩ ላይ ሲደርስ የፖቶማክ ወንዝ ድንገት ወለል ይላል። ጠዋት ጠዋት ውሃው ላይ ጭጋግ ስለሚተኛ ድልድዩ ምንም ላይ ያልቆመ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ዋክማኔን እከፍታለሁ። ካሴቱ ከመደጋገሙ ብዛት ስለተለጠጠ ዘፋኟ አንዳንድ ቦታ ላይ ድምፅዋ እንደ ወንድ ይወፍራል፤ እኔ ግን እንደዚያ ሆኖ ነው የለመድኩት፤ ኋላ በደህና ቅጂ ስሰማው ሌላ ዘፈን መሰለኝ። ከጣቢያው ወርጄ በቀይ ጡብ የተነጠፈውን መንገድ ተከትዬ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ያለው መጋዘን ስደርስ፣ በሩ ገና ሳይከፈት ያ ሽታ ይቀበለኛል።

መጋዘኑ ማተሚያ ቤት ነው፤ ወረቀቱ መታተም ብቻ ሳይሆን እዚያው ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ አድራሻ ይመታበታል፣ በከረጢት ሆኖ ወደ ፖስታ ቤት ይሄዳል። በጋውን የፒዛና የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ ነው። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ግን የምርጫው ይመጣል፤ ያኔ ኦቨርታይም ያለው ሁሉ ደስ ይለዋል። ባለቤቱ ሚስተር ሃል ይባላል፤ ወፍራም፣ ባለማንጠልጠያ ሱሪ የሚለብስ፣ ቀኑን ሙሉ የቀዘቀዘ ቡና የሚጠጣ ደግ ሰው። ጠዋት ምልክቱ አህያ የሆነውን ፓርቲ፣ ከሰዓት ተቀናቃኙን የዝሆኑን ያትማል፤ ጠዋት ሌባ የተባለው ከሰዓት ሌባ ሲል ይውላል። እኔ የማጠፊያው ማሽን ላይ ነበርኩ። መቁረጫው ላይ ደግሞ ጋሽ ተሰማ።

ጋሽ ተሰማ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ዲቪ የደረሳት ልጃቸው ናት ያመጣቻቸው። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳው የተጠጋ ቢሆንም ቡናማ ሙሉ ልብስና ክራቫት ሳያደርጉ ከቤት አይወጡም፤ መጋዘኑ ሲደርሱ ኮታቸውን በማንጠልጠያ ሰቅለው፣ ክራቫታቸው ማሽን እንዳይገባ ጫፉን ሸሚዛቸው ውስጥ ይወሽቁታል። ወረቀት ሲዳስሱ ጨርቅ የሚመርጥ ሰው ይመስሉ ነበር። ትንሽ የሚያስቸግር ጠባይ ነበራቸው፤ የተነገራቸውን ሁሉ እንደተነገረ ነው የሚወስዱት። አንድ ቀን ሚስተር ሃል እየቀለደ «ከዚህ ማሽን የተሻለ ካገኘህ አምጣልኝ» ቢላቸው፣ ቅዳሜያቸውን ሙሉ ሲፈልጉ ውለው ሰኞ የሦስት ሱቅ አድራሻ ይዘውለት መጡ። ቀልድ ሳይገባቸው ቀርቶ ነው ወይስ አውቀው? እስከ መጨረሻው አላወቅኩም። ሲስቁም በጢማቸው ሥር ነው።

ከሥራ አብረን እንመለስና፣ ማክሰኞና ሐሙስ እንግሊዝኛ ልንማር ላንግሊ ፓርክ አጠገብ ወዳለው የማታ ትምህርት ቤት እንሄዳለን። ቀን የሕፃናት ትምህርት ቤት ነው፤ ወንበሮቹ ትንንሽ ስለሆኑ ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ ይደርሳል። ቤት የምታጸዳው፣ ፓርኪንግ የሚጠብቀው፣ ከሳልቫዶር የመጣው ግንበኛ፣ ሁሉም ኮቱን ሳያወልቅ ይቀመጥና፣ ማሞቂያው እየተንኳኳ ሲሞቅ ክፍሉ እርጥብ ሱፍና የልብስ ሳሙና ይሸታል። መምህራችን ሚስስ ዶሪን ነበረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ መኪና እያላት ከእኛ ጋር በአውቶቡስ መሄድ የምትወድ ሴት። በእንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለ እኛም ስለሷ በአማርኛ ስናወራ «እሷ» ማለት ለመድን፤ ጋሽ ተሰማ ብቻ «እሳቸው» እንዳሉ ቀሩ። ሚስስ ዶሪን የሰው ስም አታበላሽም ነበር። የእኔን የሺእመቤት ሙሉውን ለማለት ሁለት ሳምንት ፈጀባት፤ ማሳጠር ግን እምቢ አለች። ጋሽ ተሰማንም ከስም በፊት የምትገባዋን «ዘ» የምትባል የእንግሊዝኛ ቃል በረሱ ቁጥር ሳታርም አታልፍም ነበር። ዛሬ በሕይወት የለችም። ልጇ ዘንድ ሩቅ አገር ሄዳ፣ አርጅታ፣ አልጋዋ ላይ እንዳለች ነው ያረፈችው። አንዳንዴ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ልይዝ ስልክ ላይ ስሜን ፊደል በፊደል ስናገር፣ የእሷን አፍ እያየሁ እንደምናገር ይሰማኛል።

ያን ዓመት ካውንቲው፣ የአካባቢው አስተዳደር ማለት ነው፣ ለማታ ትምህርት የሚሰጠውን ገንዘብ ሊያነሳ ነው የሚል ወሬ መጣ። ሚስስ ዶሪን ለካውንቲው ምክር ቤት እወዳደራለሁ አለች። ደነገጥን። እኛ አገር ለእንዲህ ያለ ነገር የሚወዳደር ሰው መኪናና አጀብ ነበረው፤ እሷ ያላት የተማሪ ደብተር የምትይዝበት ቦርሳ ብቻ ነው። በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ሕዝብ ሰብስባ ስትናገር እኛም ሄደን ከኋላ ተቀመጥን። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ ከተመረጥሽ በኋላ አንቺም እንደ ሌሎቹ ትምህርት ቤቱን ረስተሽ ብትዘጊውስ አሏት። ሚስስ ዶሪን መነጽሯን አወለቀችና እንዲህ አለች፦ «የማታው ትምህርት ቤት ይዘጋ ያልኩ ቀን፣ ደጄ ድረስ መጥታችሁ ጩኹብኝ።» ሰው ሳቀ፤ አጨበጨበ። ጋሽ ተሰማ አልሳቁም፤ አንገታቸውን ነቅነቅ አደረጉ፣ አደራ እንደተሰጠው ሰው።

ከዚያ ጥቂት ሳምንት አለፈና አንድ ጠዋት ማሽኔ ላይ የመጣውን የወረቀት ክምር አንድ ላይ አስተካክዬ ሳስገባ ሚስስ ዶሪን ከወረቀቱ ላይ አየችኝ። ፊቷ አመድ ነው። መነጽሯን ስታወልቅ የተነሣ ፎቶ ስለሆነ ዓይኗ ፈዟል፤ አፏ ክፍት ነው። ከሥሯ በቀይ፦ «የማታው ትምህርት ቤት ይዘጋ» ይላል፤ በትእምርተ ጥቅስ ተከብቦ፣ ከሱ ቀጥሎ ስሟ። ዝቅ ብሎ ደግሞ በጥቁር፦ «ሠርተው ለሚማሩ ወላጆች ይህ ነውር ነው። በሩን ክፍት የሚያደርገውን ይምረጡ» ይልና የሌላኛው ተወዳዳሪ ፎቶ አለ፤ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ እየሳቀ። የሚገርመው የትምህርት ቤቱን ገንዘብ ይነሣ እያለ በየስብሰባው የሚናገረው ይኸው ሰውዬ ራሱ ነበር። ማሽኑን አቆምኩት። ጋሽ ተሰማ ድምፁ ሲቋረጥ ሰምተው መጡ፤ ወረቀቱን ወስደው በክንዳቸው ርዝመት አራቁና ረጅም ጊዜ አዩት።

«ከፊቱ የነበረውን ጥያቄ ቆርጠውታል፤ ከኋላ ያለውንም» አሉ በመጨረሻ።

«ምን ይሻላል ጋሽ ተሰማ? እንንገራት?»

«ነገ በየሰዉ ቤት የሚገባ ነገር ምን ምስጢር አለው? ይልቅ ከሌላ ሳይሰሙት ከእኛ ይስሙት።»

ሚስተር ሃል ማሽኑ መቆሙን አይቶ ቡናውን እንደያዘ መጣ። መምህሬ ናት አልኩት፤ ይህን አላለችም፣ ሲነገር እዚያው ነበርኩ አልኩት። ወረቀቱን አየና ተነፈሰ። «የሺ፣ ማን ያነበዋል ብለሽ ነው? እኔ ራሴ ቤቴ ሲመጣ ሳላየው ነው የምጥለው» አለኝ። «ማንም የማያነበው ከሆነ ለምን ያሳትማሉ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሌላው ስለሚያሳትም ነዋ። ሁለቱም ቢያቆሙ ይሻላቸዋል፤ ቀድሞ የሚያቆም ግን የለም» አለና ማሽኑን በራሱ እጅ አስነሣው። ተቆጥቶኝ አልነበረም። የተበላሸ ወረቀት ሠራተኛው ለመደርደሪያ ማልበሻ ይዞ መሄድ የተለመደ ስለነበር፣ ከቅርጫቱ አንዱን አውጥቶ እሱ ነው የሰጠኝ።

ያን ማታ ከክፍል በኋላ ወረቀቱን ለሚስስ ዶሪን ሰጠኋት። መብራቱ ሥር ቆማ አየችው። መጀመሪያ ሳቀች፤ «ይህን ፎቶ ከየት አመጡት? አሥር ዓመት ያስረጀኛል» አለች። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ጥቁር ሰሌዳውን ማጽዳት ጀመረች፤ ንጹሑን ሰሌዳ ደጋግማ ጠረገችው። «ያወቀኝ ሰው አያምነውም፤ ያላወቀኝ ደግሞ አያነበውም» አለችን ፊቷን ሳትመልስ። እኔም ጋሽ ተሰማም ደብተራችንን ሰብስበን ወጣን።

ወረቀቱ በየሳጥኑ ሲገባ እንግዲህ የሆነው ነገር ዛሬም ያስቀኛል። የእኛ ሕንፃ ውስጥ የሚኖረው ሐበሻ ግማሹ ሲቲዝን አይደለም፤ ሲቲዝን የሆነውም ቢሆን መሮጥ እንጂ ማንበብ የሚችልበት ጊዜ የለውም። ፎቶዋን ግን ያየ ሁሉ አወቃት። ሊፍት ውስጥ ያገኘኋቸው ጎረቤቴ ወይዘሮ ትርፌ ወረቀቱን እያሳዩኝ፣ «አንቺ፣ ይቺ አስተማሪያችሁ አይደለችም እንዴ? አሟት ነው? ምን እንዲህ አከሳት?» አሉኝ። መወዳደሯንም የሰሙት ከዚያ ነው። በቀይ የተጻፈውን ሳያነቡ፣ የታመመች ሴት ከነሕመሟ ለሰፈር ስትለፋ ያሳዝናል ብለው ድምፃቸውን የሰጡት ለሷ ነው። የሚጠላት ሰው ገንዘቡን አፍስሶ ወይዘሮ ትርፌን ለሚስስ ዶሪን አመጣላት። አንዱ ቤት ለሕፃን ሥዕል መሣያ ሆነ፤ አንዱ ቤት የሚንገዳገድ ጠረጴዛ እግር ሥር ገባ። በየመንገዱ ጥግ ዝናብ ያበሰበሰውና ጫማ የረገጠው ነበር።

አንድ ቦታ ግን ገብቶ ነበር። ሚስስ ዶሪን ጎረቤት ነበራት፤ ሩት የምትባል፣ ልጆቻቸውን አብረው ያሳደጉ፣ በሁለቱ ግቢ መካከል አጥር ያልሠሩ። የሩት አረጋዊት እናት ከአውሮፓ መጥተው ፊደል የቆጠሩት እዚያው የማታ ትምህርት ቤት ነው። ሩት ወረቀቱን አንብባ ነበር፤ ምናልባት በሰፈሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበበችው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ሰላምታ አቆመች። ሚስስ ዶሪን አልነገረችንም፤ አውቶቡስ ውስጥ ጋሽ ተሰማ «ፊትዎ ልክ አይደለም» ብለው በዚያ በሚሰባበር እንግሊዝኛቸው ሲጨቀጭቋት ነው ያወጣችው። «ሄጄ ላስረዳት አልፈልግም፤ እኔን ሳትጠይቅ ወረቀት ካመነች ይቅር» አለች። ከዚህ ሁሉ ወረቀት፣ ከዚያ ሁሉ ከረጢት የሚያምን ሰው አንድ ተገኘ፤ እሱም ልቧ ያለበት ቤት ሆነ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጋሽ ተሰማ ሚስስ ዶሪን ሳትገባ ክፍሉ ፊት ቆሙ። «ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ያልኩ ቀን ደጄ መጥታችሁ ጩኹ ብለውናል» አሉ። «ወረቀቱ ብለዋል ይላል። እንግዲህ መሄድ አለብን።»

«ጋሽ ተሰማ፣ አላለችም እኮ!» አልኳቸው።

«እኔ መቼ ብለዋል አልኩ? ወረቀቱ ነው ያለው። መሄዱ ግን የእኛ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። ቀኑ አይረሳኝም፤ የጥቅምት ፀሐይ፣ ቢጫ ቅጠል እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ሰዉ ግቢውን ሲጠርግ የመጥረጊያው ድምፅ ከየቤቱ የሚሰማበት። ጋሽ ተሰማ ክራቫታቸውን አሥረዋል። ከእኛ ጋር የምትማረው የሳልቫዶሯ ማርታ ከነልጆቿ መጥታለች። ሚስስ ዶሪን እጇ ዱቄት እንደነካ በር ከፍታ ስታየን ክው አለች። እኛም ምን ብለን እንደምንጮህ አልተነጋገርንም ነበርና ሁላችንም ጋሽ ተሰማን አየናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ባላቸው ድምፅ ሁሉ፣ «ሚስስ ዶሪን! ትምህርት ቤት አይዘጋም ብለዋል! ሰምተናል!» ብለው በእንግሊዝኛ ጮኹ። ከኋላ አንዷ እልልታውን አቀለጠችው፤ ማርታም በራሷ ቋንቋ ተቀበለቻት። መጥረጊያው ሁሉ ቆመ። ጎረቤት በየበረንዳው ወጣ። ሩትም ወጣች፤ መጥረጊያዋን እንደያዘች፣ ፖሊስ ልጥራ አልጥራ በሚል ዓይን።

ወደሷ የሄድኩት እኔ ነኝ። የተማርኩትን እንግሊዝኛ ሁሉ ሰበሰብኩና ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የተባለውን ከነአጠያየቁ፣ ከነሳቁ ነገርኳት። «የማታው ትምህርት ቤት ይዘጋ ያልኩ ቀን፣ ደጄ ድረስ መጥታችሁ ጩኹብኝ ነው ያለችው» አልኳት፤ «ስለዚህ መጥተን እየጮኽን ነው።» ሩት መጥረጊያዋን ሣሩ ላይ ጣለችው። አጥር በሌለው ግቢ ላይ ቅጠሉን እየረገጠች ሄዳ፣ ዱቄቱን ሳትፈራ፣ ሚስስ ዶሪንን አቀፈቻት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ለረጅም ጊዜ ነበር የቆሙት፤ እኛም አለቦታችን የገባን መስሎን ቅጠል ስናይ ቆየን።

ምርጫውን ሚስስ ዶሪን ተሸነፈች። ልዩነቱ ጥቂት ነበር። ወረቀቱ ነው የጣላት የሚሉ ነበሩ፤ የዚያን ቀን ዝናብ ነው የሚሉም ነበሩ፤ ሚስተር ሃል ደግሞ አሸናፊውም ተሸናፊውም ያለ ወረቀት ያው ነበሩ አለኝ። እኔ ዛሬም አላውቅም፤ ይህን ያህል ዓመት ወረቀት ሲመጣና ሲጣል ኖሬ የሚያውቅ ሰውም አልገጠመኝም። የማውቀው ሚስስ ዶሪን ከዚያ በኋላ ወደ ክፍል አለመምጣቷን ነው። «እኔ እዚያ ካለሁ ያሸነፈኝ ሰውዬ በእኔ እልህ ትምህርት ቤቱን ይዘጋዋል» ብላ ፈቃድ ወሰደች። ሌላ አስተማሪ መጣ፤ ወጣት፣ ጥሩ ልጅ፤ እኔን ግን «የሽ» እያለ ጠራኝ።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ካውንቲው የበጀት ስብሰባ ጠራ። የማታው ትምህርት ቤት የሚቀነስ ከተባለው መካከል ነበር። ከሕዝቡ የፈለገ ሰው ቀርቦ ለጥቂት ደቂቃ መናገር ይችላል። ለሚስስ ዶሪን አልነገርናትም። አዳራሹ የእንጨት ሽፋን ያለው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ኮታችን ከውጭ ይዞት የመጣው በረዶ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ሰውየው እዚያ ከፍ ብሎ ከሌሎቹ ጋር ተቀምጧል፤ ከወረቀቱ ይልቅ አጠር ያለና የደከመው ሰው። የጋሽ ተሰማ ስም ሲጠራ ማይክሮፎኑ ፊት ቆሙ፤ ከደረት ኪሳቸው ያንን የሚያብረቀርቅ ወረቀት አውጥተው በሁለት እጃቸው ዘረጉት። ጠብ ሊነሣ ነው ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ዝቅ ብለው እጅ ነሡ።

«ጌታዬ፣» አሉ፣ «እኛ የማታ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነን። በምርጫው ጊዜ የላኩልን ወረቀት ደርሶናል። ትምህርት ቤት መዝጋት ነውር ነው ይላል። በሩን ክፍት የሚያደርገው ይህ ሰው ነው ይላል፤ ፎቶዎ ይኸው። እኛ ገና መምረጥ አንችልም። ግን ወረቀትዎን ጠብቀን ይዘነዋል። ለትምህርት ቤት ልናመሰግንዎ መጥተናል።»

ከኋላ ያለነው ሁሉ ተነሥተን አጨበጨብን። ያጨበጨብነው ከልባችን ነበር ወይስ ነገሩ ገብቶን? እንጃ፤ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። ከማናውቃቸው ሰዎችም የተነሡ ነበሩ። ሰውየው መጀመሪያ ወረቀቱን አየ፣ ቀጥሎ ጎንና ጎኑ ያሉትን፣ ከዚያ የጋዜጣ ካሜራ የያዘችውን ልጅ። ፊቱ ቀላ። ከዚያም ቀስ እያለ፣ ያ የፎቶው ሳቅ መጣለት። ማይክሮፎኑን አስጠግቶ፣ ስለ ምስጋናችን አመስግኖን፣ ቃሌ ቃል ነው አለ። ትምህርት ቤቱ ከሚቀነሱት መካከል ወጣ። ቂም ሳይሆን እፎይታ ነበር ፊቱ ላይ የነበረው፤ ኋላ እንደሰማሁት ለብዙ ዓመት በየንግግሩ ትምህርት ቤቱን ያዳንኩት እኔ ነኝ እያለ ይኮራበት ነበር። ይኩራ። ጋሽ ተሰማ ወረቀቱን በማጠፊያው መስመር በጥንቃቄ አጥፈው ኪሳቸው መለሱና ወጣን። ደረጃው ላይ «ጋሽ ተሰማ፣ አውቀው ነው አይደል?» አልኳቸው። «ምኑን?» አሉኝ፤ ጢማቸው ግን ተንቀሳቀሰ።

ቤት እንደገባሁ ኮቴን ሳላወልቅ ለሚስስ ዶሪን ደወልኩላት። ያን ጊዜ ስልኩ ግድግዳ ላይ ነው፤ ገመዱን እየጠመዘዝኩ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ «አቶ ተሰማ ያሉትን ቃል በቃል በእንግሊዝኛ በይልኝ» አለችኝ። አልኩላት፤ እንደሳቸው ቆም እያልኩ።  

«መጨረሻ ላይ» አለች፣ «ስኩል ከማለታቸው በፊት ‹ዘ› ብለዋል?»

«አላሉም።»

«አላሉም» አለች እሷም። አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማሁ። «እንዲህ ያለ ንግግር ተናግረው ‹ዘ› ይጎድላል! ወጣቱ መምህር አላረማቸውም?»

«አላረማቸውም» አልኳት፤ እኔም እንባዬ መጥቶ ነበር።

ማክሰኞ ማታ፣ ትምህርቱ ሊጀመር ሲል፣ መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጣች።